ጋሽ መኩሪያን ንብ የነደፋቸው ጠዋት

ለራስ ምታት ሐኪም የሚያማክር ሰው አይቻለሁ። ለጨጓራም አይቻለሁ። ንብ ነድፎት ሐኪም ዘንድ የሄደ ሰው ግን፣ እስካለፈው ክረምት መውጫ ድረስ፣ አላየሁም። ምን ሊሄድ! በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ በአንድ አፍታ ሐኪም ይሆንለታላ። አንዱ ነጭ ሽንኩርት ይላል፣ አንዱ የጥርስ ሳሙና፣ ሌላው ደግሞ ጭቃ ካልለጠፍኩ ብሎ ሙጭጭ ይላል። እናንተም ይህን እያነበባችሁ አንድ መድኃኒት ትዝ ብሏችኋል። ለጊዜው ለራሳችሁ ያዙት።

ቢሮ ከመግባቴ በፊት ቡናዬን የምጠጣው እዚሁ ፒያሳ፣ ወንበር በሌላት አንዲት ጠባብ ካፌ ውስጥ፣ ባንኮኒ ተደግፌ ነው። ባለቤቷ እትዬ አሰለፈች ናቸው። ከሒሳብ መቀበያው ኋላ ተቀምጠው የገባ የወጣውን በዓይናቸው ይመዝናሉ። ማሽኑ ላይ ኑረዲን አለ። ከባንኮኒው ጫፍ፣ ከብስኩቱ መስታወት አጠገብ የሚቆሙት ደግሞ ጋሽ መኩሪያ ናቸው፤ ሰዓት ጠጋኝ፣ የእትዬ አሰለፈች የሟች ባለቤት ታናሽ ወንድም። ሁለቱ ሳይነታረኩ ጠዋቱ አይነጋም።

«ማኪያቶው ቀጠነ» ይላሉ ጋሽ መኩሪያ።

«ዓይንህ ነው የቀጠነው» ይመልሳሉ እትዬ።

ከማዶ የነበሩት አሮጌ ቤቶች ከፈረሱ ወዲህ ሰፈሩ ላይ ንብ በዝቷል። በየጣራው ሥር ስንት ዘመን ኖረው ኖሯል፤ ሰዉ ኮንዶሚኒየም ሲገባ እነሱን የሚያስታውሳቸው አልተገኘም። ስለዚህ ስኳራችን ላይ ሰፈሩ።

ያን ጠዋት የኑረዲን አውራ ጣት ከትናንት ንድፊያ አብጦ ስለነበር መድኃኒት እናዘንብበታለን። እኔ ሎሚ አልኩ። እሱ «እናቴ አገር ቤት ቅቤ ነው የምትቀባን» አለ። ጋሽ መኩሪያ እጃቸውን አንስተው ሁላችንንም ጸጥ አሰኙን።

«እኔ በልጅነቴ ማር ስቆርጥ ስንቴ ተነድፌያለሁ! ብረት ነው መድኃኒቱ። ቀዝቃዛ ብረት ትጫንበታለህ፣ አለቀ።»

ይህን ብለው ሲኒያቸውን አነሱ። ንቧ የሲኒው አፍ ላይ ነበረች። ታችኛውን ከንፈራቸውን ነደፈቻቸው።

ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ። ከኪሳቸው የሱቃቸውን ቁልፍ አውጥተው ከንፈራቸው ላይ ተጫኑት። እኔ ሎሚ ልቁረጥ ብዬ ቢላ ፍለጋ ሄድኩ፣ ኑረዲን ቅቤውን ትቶ ወደ ነጭ ሽንኩርት ዞረ፣ ክርክሩ እንደ አዲስ ተጀመረ። ጋሽ መኩሪያ ክርክር ላይ ዝም ብለው አያውቁም፤ ዝም ማለታቸውን ለማስተዋል ጊዜ ወሰደብኝ።

ዘወር ስል ሌላ ሰው ቆሟል።

እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? ኮቱ የጋሽ መኩሪያ ነው። ቁልፉን የያዘው እጅም የሳቸው ነው። ፊቱ ግን አይደለም። የሳቸው ፊት ቀጭን፣ አጥንታም ነበር። አሁን ጉንጩ የሞላ፣ የዓይኑ ቆብ ከብዶ የወረደ፣ ከንፈሩ የወፈረ ሰው በሳቸው ኮት ውስጥ ሆኖ ያየኛል። የማላውቀው ሰው። የማላውቀው ግን እኔ ነኝ፤ እትዬ ያውቁታል።

«ዘውዴ» አሉ እትዬ አሰለፈች።

አልጮኹም። አምሽቶ የገባ ባል እንደሚጠራ፣ ቀስ ብለው ነው የጠሩት። ኑረዲን ማሽኑን ዘጋ። ዘውዴ የሟች ባለቤታቸው ስም ነው፤ ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል።

«አሴ...» አለ ያ ሰው፤ ከጉድጓድ የሚወጣ በሚመስል ወፍራም ድምፅ። «አሴ... አየር...»

ጋሽ መኩሪያ እኚህን ሴት ከ«እትዬ» ሌላ ጠርተዋቸው አያውቁም። ምላሳቸው አብጦ ቃሉን ማውጣት አቅቷቸው ይሆናል። ለራሴ የምነግረው እንደዚያ ነው። ያኔ ግን ፀጉሬ ቆመ።

ሎሚዬን ይዤ ጠጋ ስል እትዬ ከተቀመጡበት ተፈናጥረው ተነሱ።

«እንዳትነካው! እንዲህ ነው የሆነው! ዘውዴም ፊቱ እንዲሁ ነው የሆነው! ጭቃ ስንለጥፍ፣ ሽንኩርት ስንቀባ ነው እጄ ላይ የቀረው። ታክሲ ጥሩ!»

ዘውዴ አገር ቤት፣ ዘመድ ሰርግ ላይ ነበር የሞቱት። ዘመድ አዝማዱ ዓይን በላው አለ፣ እትዬም አመኑ፤ ፊቱ እንዲያ የተለወጠ ሰው ምን ይባላል? ጭቃ የተለጠፈለት የአንዲት ንብ ንድፊያ ሰው ይገድላል ብሎ ግን ማንም አልገመተም። እሳቸውም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ።

ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ስንበር እኔ ከፊት ተቀምጬ በመስታወቱ አያለሁ። ያ ፊት እትዬ ትከሻ ላይ ተደግፏል። ትንፋሹ ያፏጫል። እትዬ በነጠላቸው ጫፍ ግንባሩን እየጠረጉ «ደረስን ዘውዴ፣ ደረስን» ይላሉ። ላርማቸው አልደፈርኩም። ሹፌሩ ምንም የሚያውቀው ነገር የለም፤ እሱም ግን ወደ ኋላ ማየት ፈርቶ መስታወቱን ወደ እኔ አዞረው።

ሐኪም ቤት ጭናቸው ላይ መርፌ ወጓቸው። ሐኪሟ በእጄ ጨምድጄ የያዝኩትን ሎሚ አይታ «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ» ብላ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ተወችው። እኔም እንድትጨርሰው አልጠየቅኩም።

ከዚያ በኋላ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብለን ጠበቅን። መጀመሪያ ትንፋሹ ተረጋጋ። ቀጥሎ የዓይኑ ቆብ ቀለለ። ጉንጩ እየጎደለ፣ እየጎደለ ሄዶ ያ የምናውቀው አጥንት ብቅ አለ። ጋሽ መኩሪያ በየጥቂቱ ወደ ገዛ ፊታቸው ገቡ። እትዬ አንዴም ዓይናቸውን አልነቀሉም።

«እትዬ፣ ካፌውን ለማን ጥለው መጡ?» አሉ ጋሽ መኩሪያ፣ በራሳቸው ድምፅ።

እኔ እፎይ ብዬ ሳቅኩ። እትዬ አሰለፈች ግን ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ተከትዬ ስወጣ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ያለቅሳሉ። የደስታ መስሎኝ «ደህና ሆኑ እኮ፣ እትዬ» አልኳቸው።

«አዎ ልጄ፣ መኩሪያማ ተመለሰ» አሉ። «ዘውዴን ግን ዛሬም ሲሄድ አየሁት።»