የፈንጂ ተማሪዋ አጎት

አንድ ቀልድ ይዞ ዕድሜውን የሚገፋ አጎት የሌለበት ቤተሰብ የለም። ቀልዱ ያረጃል እንጂ ጡረታ አይወጣም።

የልጅቱ አጎት ልብስ ሰፊ ናቸው። ክቡርነታቸው ያቺን ቀልድ ያገኟት የእህታቸው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብታ «የፈንጂ ምህንድስና ደረሰኝ» ያለች ዕለት ነው። እሳቸው ወንበራቸውን ከአጠገቧ ፈቀቅ አድርገው፣ «ቀስ ብላችሁ አናግሯት፣ እንዳትፈነዳብን» አሉ። ቤቱ በሳቅ አለቀ። ጥፋቱ ያኔ ነው፤ አንዴ የተሳቀለት ሰው መች ይመለሳል?

ከዚያ ወዲህ ለእረፍት በመጣች ቁጥር ወንበሩ ፈቀቅ ይላል። ሰርግ ላይ ፈቀቅ አሉ። ለቅሶ ቤት እንኳ፣ ለሟች አክብሮት ሲሉ፣ በትንሹ ፈቀቅ አሉ። ትምህርቱ ድንጋይ ሰብሮ መንገድ ማውጣት እንደሆነ፣ ከሚፈነዳው የሚሰላው እንደሚበዛ፣ መምህሯ ክብሪት በኪሱ የተገኘበትን ተማሪ እንደሚያባርሩ አስረዳቻቸው። በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ ወደ እናቷ ዞረው፣ «ክብሪትማ ምን ያደርግላታል፣ ራሷ እያለች» አሉ።

ደከማት። መሳቁንም መቆጣቱንም ተወችው።

በመጨረሻው ዓመት ድንጋይ ካባው ውስጥ በራሷ እጅ የምታፈነዳበት ቀን ደረሰ። ለእናቷ ብቻ ነገረቻት፤ ለአጎቷ ትንፍሽ እንዳትልም አስጠነቀቀቻት።

የማፈንጃውን ቁልፍ ስትጫን ተራራው ተናወጠ። አቧራው ሲረጋ ግን መምህሯ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ፈንጂ ከተቀበረባቸው ጉድጓዶች አንደኛው አልፈነዳም። ደንቡ ጠብቁ ይላል፤ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ጠበቁ። ከዚያ እሷና መምህሯ ብቻ ወደ ጉድጓዱ ሄዱ። አከሸፉት።

የካባው በር ላይ ስትደርስ ዘበኛው፣ አንድ ሽማግሌ ከጠዋት ጀምሮ እንደተቀመጡ ነገራት። መግባት ክልክል ነው ቢላቸው፣ አልገባም፣ እቀመጣለሁ እንጂ ብለውታል።

አጎቷ ናቸው። ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ጀርባቸውን ሰጥተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። «ጋሼ» አለች። አልዞሩም። ደግማ ጠራቻቸው። ቀረብ ስትል አየች፤ ሁለቱንም ጆሯቸውን በጥጥ ጠቅጥቀውታል።

ትከሻቸውን ስትነካቸው ዘለው ተነሱ። እጆቿን ይዘው ገለበጡ፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳሰሱ።

«ሙሉ ነሽ?» አሉ፣ ጮክ ብለው።

«ሙሉ ነኝ።»

አልሰሙም። ደግመው ጠየቋት። ጥጡን ልታወጣላቸው እጇን ስትዘረጋ፣ ያ ሁሉ አፍ ያላቸው ሰው እንደ ሕፃን ጭንቅላታቸውን ዘንበል አደረጉላት።