ጋሽ አይሄድም እና አዲሱ ማማ

እንዲህ ዓይነት ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት እስካሁን አልተቋቋመም። አዲስ ወንበር ሲገባ ከመጋረጃው ጋር ሲያስተያይ የሚውል፣ ለሰላምታ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ክራባትህን ከሸሚዝህ ጋር የሚያመሳክር፣ ደስ ብሎህ የገዛኸውን ጫማ አንዴ ብቻ አይቶ ደስታህን ይዞብህ የሚሄድ ሰው። ክፉ ሆኖ አይደለም። ዓይኑ ነው አላስቀምጥ ያለው።

መካኒኳ መዝናኛ ፓርኩ ውስጥ ሥራ በጀመረችበት ቀን፣ የመሣሪያ ሣጥኗን ገና መሬት ሳታስነካ፣ ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጋር ተገናኘች። ሰውየው «የጥንት መንደር» የሚባለው የፓርኩ ክፍል ዋና ቀለም ቀቢ ናቸው። ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ከደረት ኪሳቸው ሦስት ብሩሽ አይጠፋም፤ የግራ ጉልበታቸው ደረጃ አይወድም። ሣጥኗን ከላይ እስከ ታች አዩት። ቀይ ነበር።

«አይሄድም» አሏት።

ሣጥኑ የት እንዳይሄድ እንደተከለከለ አልገባትም። ኋላ ትኬት ቆራጯ አስረዳቻት፦ ቀይ የፕላስቲክ ሣጥን ከጥንት መንደር ጋር አይሄድም ማለታቸው ነው። በማግስቱ ሣጥኗን የእንጨት መልክ ተቀብቶ፣ የምስጥ ቀዳዳ ሳይቀር ተስሎበት አገኘችው። አንዷን ቀዳዳ እውነት መስላት በጥፍሯ ስትነካካ ታየች፤ ይህንንም ለረጅም ጊዜ ሲያነሱባት ኖሩ።

ሙሉ ማዕረጋቸው፣ ሠራተኛው እሳቸው በሌሉበት እንደሚጠራው፣ ክቡር ጋሽ አይሄድም ነው። ፊት ለፊት ግን «ጋሼ» ብቻ ይባላሉ። መንደሩን በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ በእጃቸው ነው ያስረጁት። ግድግዳው ሲሚንቶ ነው፤ በእሳቸው ብሩሽ ጭቃ ሆኗል። በሩ ብረት ነው፤ ያረጀ እንጨት ሆኗል። ወፍጮውን የሚያዞረው ሞተር ነው፤ የሚያየው ሰው ግን ውሃው ነው ብሎ ይምላል።

ትኬት ቆራጯን አንድ ቀን የፀሐይ መነጽሯን አስወለቋት፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ መነጽር አልነበረም ብለው። እሷም አፍ አላት፤ በዚያ ዘመን ትኬትስ ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። ጋሼ ብሩሻቸውን ይዘው ሄዱ። ሁለት ቀን አስበውበት ተመለሱ፦ ትኬት አልነበረም፤ የመንደር በር ጠባቂ ግን ነበረ፤ ጠባቂ ደግሞ ፀሐይን የሚከልለው በመዳፉ ነው። የእሳት ማጥፊያውን ቡናማ ሊቀቡት ሲነሱ የደህንነት ኃላፊው ደርሶ፣ ሁለቱ አንዲት ቀይ ጠርሙስ መሃል አስገብተው ግማሽ ቀን ተከራከሩ። በመጨረሻ ጠርሙሱ ቀይ ሆኖ እንዲቀር፣ ነገር ግን ቀዩ ብቻውን እንዳይሆን ከጎኑ የደረቀ በርበሬ እንዲንጠለጠል ተስማሙ።

ሥልጣናቸው የሚያበቃው ቤታቸው ደጃፍ ላይ ነው። መካኒኳ አንድ እሑድ ልትጠይቃቸው ሄዳ ሳሎናቸው ውስጥ አረንጓዴ ሶፋ፣ ሐምራዊ መጋረጃ እና ነብር የተሳለበት ምንጣፍ ስታይ ዓይኗን ማመን አቃታት። ጋሼ ሶፋው ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ ተሰብስበው ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው፣ ጋሼ ፓርኩ ውስጥ ሥራ በጀመሩበት ዓመት፣ መንደሩ የአንተ፣ ቤቱ የእኔ ብለው ወሰን አስምረዋል። ጋሼ ወደ መካኒኳ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ «እዚህ አፍ የለኝም» አሏት።

መካኒኳ እንግዲህ እንዲህ እየሳቀችም እየተናደደችም አራት ዓመት ሠራች። ነገሩ ከሳቅ ያለፈው ሥራ አስኪያጁ አዲሱን መጫወቻ ያስመጡ ጊዜ ነው። ሠላሳ ሜትር የሚረዝም የብረት ዓምድ ነው፤ ዙሪያውን አሥራ ሁለት ሰው ይቀመጥበታል፤ ቀስ አድርጎ ጫፍ ያደርስና ይለቃቸዋል። ቢጫ ነው። ጎኑ ላይ በሰው ቁመት ልክ በሆኑ ፊደሎች «መብረቅ» የሚል ተጽፎበታል። ባዶ ቦታ ያለው ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ በጥንት መንደር፣ ከወፍጮው ጎን።

ጋሼ የለመዷትን ቃል እንኳን አልተናገሩም። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብተው ተቀመጡ፤ የመክፈቻው ቀን ሊደርስ ሁለት ወር ነበር የቀረው። መካኒኳ የመሠረቱን ንድፍ ለማስፈረም እዚያው ስለነበረች ሁሉንም ሰማች። ሥራ አስኪያጁ ሰዉ አዲስ ነገር እንደሚፈልግ፣ ፓርኩ ያለ አዲስ ነገር ሰው እንደማይመጣለት በትዕግሥት አስረዱ። ልጆች ደግሞ ምን ከምን ጋር ይሄዳል ብለው እንደማይጠይቁ ጨመሩበት።

«የማይጠይቁት ስለሚያምኑን ነው» አሉ ጋሼ። «እዚያ በር ላይ ሲገቡ ድሮ ነው እንላቸዋለን፤ እሺ ብለው ይገባሉ። ይህን ካቆማችሁበት ውሸታሞች ነን።»

ሥራ አስኪያጁ ዓምዱ መርከብ ላይ ተጭኖ፣ ባሕር ተሻግሮ እንደመጣና እንደማይመለስ ነገሯቸው። ጋሼም ማማው በቆመ ቀን ሥራ እንደሚለቁ ተናግረው ወጡ። ከሰዓት በኋላ ወሬው ፓርኩን ሞላው፤ ጋሽ አይሄድም ሊሄዱ ነው ተባለ። ሠራተኛው ሳቀ። መካኒኳም ሳቀች፤ ከዚያ የመልቀቂያውን ደብዳቤ ብሩሾቹ አጠገብ፣ ከደረት ኪሳቸው ጫፉ ወጥቶ አየችውና ሳቋ ቆመ።

ዓምዱ ተተከለ። ደብዳቤው ግን ከጋሼ ኪስ አልወጣም፤ ዝም ብሎ ማየት አልሆነላቸውም። አንድ ጠዋት ሳንቃ አሸክመው መጥተው ዓምዱንና መቀመጫዎቹን በእንጨት ልሸፍን አሉ። መካኒኳ መንገድ ዘጋችባቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ ሰው ይዞ ነው የሚወድቀው» አለቻቸው። «አንድ ምስማር ካየሁበት አልከፍተውም።»

ትክ ብለው አዩዋት። አልተቆጡም። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሲቆጣቸው ደስ እንደሚላቸው ያን ቀን ነው ያወቀችው። ሳንቃውን መለሱና ዓምዱን የደረቀ ግንድ አስመስለው ቀቡት፤ መወጣጫው ላይ ቆመው፣ ዓይናቸውን ከግንዱ ሳያነሱ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ። «መብረቅ» የሚለውንም ቅርፊት አለበሱት። ሲጨርሱ ወደ ኋላ ራቅ ብለው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

መካኒኳ ያን ዕለት ዘይት በዘይት ሆና፣ ደክሟት ነበር። መቀመጫው ላይ ሳይወጡ እንደማይሄድ እንዴት እንዳወቁ ጠየቀቻቸው። ሰው የሚያየው ከታች ነው አሏት።

«የሚወጣውስ ሰው?» አለች።

ጋሼ ቀና ብለው የዓምዱን ጫፍ አዩ። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ከፓርኩ መጫወቻዎች አንዱ ላይ እንኳን ወጥተው አያውቁም። መካኒኳ ለመክፈቻው ሦስት ቀን ሲቀር፣ ፍተሻዋን ከጨረሰች በኋላ፣ ከጎኗ አስቀመጠቻቸውና የደረት ብረቱን ቆለፈችላቸው። ማሽኑ አነሳቸው። የቤቶቹ በር አለፈ፤ መስኮቱ አለፈ፤ የሣሩ ክዳን ጫፍ አለፈ። ከዚያ በላይ ሣር አልነበረም።

ሣሩ ከታች ለሚያይ ሰው እስከሚታይበት ድረስ ብቻ ነበር የተከደነው። ከዚያ ወዲያ የዛገ ቆርቆሮ ነው። ነፋስ እንዳይወስደው ያረጀ የመኪና ጎማ ተጭኖበታል። ጥቁር የውሃ ታንከር አለ፤ ማቀዝቀዣ አለ፤ ገመድ ከገመድ የተጠላለፈ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ፤ ወፍጮ ቤቱ ጣራ ላይ አንድ ሰው ያሰጣው ካልሲ አለ። አሥራ ስምንት ዓመት የተደከመበት መንደር ከላይ ሲያዩት ጋራዥ ነበር።

ማሽኑ ለቀቃቸው። ሌላው ሰው በሚጮህበት ቦታ ጋሼ አንገታቸውን ወደ ጣራዎቹ አዙረው ነበር። መሬት ደርሰው የደረት ብረቱ ሲነሳም አልተነሱም።

«የማይሄደው ማማው አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «እኛ ነን።»

ሥራ አስኪያጁ ከሩቅ ሲያዩ ቆይተው መጡ። እንዴት ነው ብለው ጠየቁ። መካኒኳ ወደ ጋሼ ዞረች። ሥራ አስኪያጁ ከፍታ ስለሚፈሩ ባስመጡት ማሽን ላይ አይወጡም፤ ከሁለቱ ሌላ የወጣ ሰው የለም። ጋሼ ሦስት ቀን ዝም ቢሉ፣ በመክፈቻው ዕለት የተጋበዘው እንግዳ ሁሉ ያን ቆርቆሮ ያየዋል። ማን ትክክል እንደነበረ ከዚያ በኋላ ማስረዳት አያስፈልግም። እሷ ራሷ ትናገር ይሆን? አላወቀችም።

ጋሼ ደብዳቤውን ከኪሳቸው አወጡ። የሥራ አስኪያጁ ፊት ተለወጠ። ጋሼ ግን ወረቀቱን ገልብጠው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉና ጀርባው ላይ ጣራዎቹን አንድ በአንድ መሣል ጀመሩ።

«ይሄ የሰብል ጠባቂ ማማ ነው» አሉ፤ ቀና ሳይሉ። «ማማ ላይ የወጣ ሰው መንደሩን ሁሉ ያያል። ስለዚህ ጣራ ያስፈልገናል። ሦስት ቀን አለን፤ ሰው ስጡኝ፤ እርስዎም ይምጡ።»

መጡም። ክቡር ሥራ አስኪያጁ ሦስት ቀን መሰላል ሲይዙ ዋሉ፤ ክራባታቸው እየተንጠለጠለ አስቸገረ እንጂ ደህና ያዙ። ሣሩ አልበቃ ሲል ቆርቆሮውን በሣር ቀለም ቀቡት፤ ጋሼ በቀጭን ብሩሽ ሰንበሌጥ በሰንበሌጥ አወጡት። ታንከሩ ጎተራ ሆነ። ማቀዝቀዣዎቹ የንብ ቀፎ ሆኑ። ሽቦው ላይ ቅል ተንጠለጠለበት። ትኬት ቆራጯ ጎማዎቹን ስታወርድ ክንዷ እስከ ትከሻዋ ጠቆረ። ካልሲው የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ መሆኑ ታወቀ። ጋሼ በዚያ ጉልበታቸው በየሰዓቱ ማማው ላይ ይወጣሉ፤ ይወድቃሉ፤ ሦስተኛው ቤት ገና ነው ብለው ይመለሳሉ። በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ወጥተው ወርደው ምንም አላሉም። ሠራተኛው ይህን ሲያይ አጨበጨበ።

የመክፈቻው ዕለት ሰልፉ እስከ ወፍጮው ደረሰ። ጋሼ የታጠበ ሸሚዝ ለብሰው መውጫው በር ላይ ቆሙ። የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ሰዎች እየጮኹ ወርደው እየሳቁ ወጡ። ጣራው እንዴት ነው ብለው ጠየቋቸው። የቱ ጣራ ተባሉ። ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ሁለተኛዎቹም ጨፍነው ነበር። አንድ ጎልማሳ ብቻ ዓይኑን ገልጦ እንደነበር፣ ያየውም የራሱን ጉልበት እንደሆነ ነገራቸው። ጋሼ ጥሩ ነው አሉና ብሩሻቸውን ሊያጥቡ ወደ ወፍጮው ሄዱ፤ ብሩሾቹ ግን ትናንት ታጥበው ነበር።

መካኒኳ ከመቆጣጠሪያው ክፍል መስኮት ጀርባቸውን አየች። ማሽኑ ጫፍ ላይ ሁለት ሰከንድ ነበር የሚቆመው። ቁጥሩን ዘጠኝ አደረገችው።

ሰው ሁለት ሰከንድ ዓይኑን መጨፈን አያቅተውም፤ ዘጠኝ ሰከንድ ግን ረጅም ነው። አራተኛው ላይ ጩኸቱ ቆመ። አምስተኛው ላይ አንዱ ዓይን ተገለጠ። ሰባተኛው ላይ ጣቶች ወደ ታች መጠቆም ጀመሩ። ሥራ አስኪያጁ ሰልፉ ለምን እንደዘገየ ሊጠይቁ መጡ። ስለ ማሽን ዋሽታ የማታውቀው ሴት፣ ትንፋሽ ያስፈልገዋል አለቻቸው።

«ማሽኑን?» አሉ።

«ማሽኑን።»

ሥራ አስኪያጁ መቆጣጠሪያው ላይ ያለውን ቁጥር አዩ፤ ከዚያ በመስኮቱ ወደ ወፍጮው አዩ። መዳፋቸው መሰላል በያዙበት ገና ተልጦ ነበር።

«ዘጠኝ ይበቃዋል?» ብለው ጠየቁ፤ መልሱን ሳይጠብቁም ወጡ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ትንሽ ልጅ ከአባቷ እጅ አምልጣ ቀጥ ብላ ወደ ጋሼ መጣች። ከላይ ሆና ቤቶቹን ሁሉ እንዳየች፣ ጎተራውንም ቀፎውንም እንዳየች ነገረቻቸው። ሰው ግን የለም፤ ሰዎቹ የት ሄዱ አለቻቸው።

ጋሼ በማይታጠፈው ጉልበታቸው ቀስ ብለው ተንበረከኩ።

«እርሻ ወርደዋል» አሏት። «ሲመሽ ይመለሳሉ።»

ልጅቷ እሺ ብላ ሄደች። መካኒኳ በመስኮቱ ሰምታለች። ከአጥሩ ወዲያ ያለው የመኪና ማቆሚያ መሆኑን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ጠዋት የራሷን መኪና ያቆመችው እዚያ ነው። ቢሆንም፣ ማንም እንደማያያት ካረጋገጠች በኋላ፣ ዞር ብላ ወደዚያ አየች።