ለሹም ልጅ አይሰጥም

ሹም በረሃብ እንዲያልቅልህ ከፈለግህ ደመወዝ ክፈለው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላሉ... ተራቹ ደመወዝ የሚባል ነገር ስላላየ ነው። እኔ ሳይሻር የሚቆጨውን አይቻለሁ። እሱም ቢተው የሚባለው አጎቴ ነው።

አጎቴ ያገራችን ጭቃ ሹም ነበር። ጣሊያን ሳይመጣ ደመወዝ የሚሉት የለውም፤ ግን ድግስ ባለበት ሁሉ ከላይ ይቀመጣል፣ በሬ ከታረደ ፍሪምባው የሱ ነው። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ሲደላደል ለጭቃ ሹሙ ሁሉ ደመወዝ ቆረጠለት፤ ቀይ ቆብም ሰጠ። ከዚያ አስተርጓሚው አምበር ገበያ መሀል ቆሞ፣ «ደመወዝ የሚበላ ሹም ከባላገር እንቁላል እንኳ እንዳይቀበል። የሰጠም የተቀበለም ይገረፋል» ብሎ ለፈፈ። የባላገሩን ቤት እያቃጠለ ለእንቁላሉ የሚያዝን መንግሥት አይተህ ታውቃለህ?

ታዲያ ጣሊያን ካወጣው ሕግ ሁሉ አገሬው በደስታ ያከበረው ይህችን ብቻ ነው። ግብር ሲባል ጫካ ይገባል፤ ጠመንጃ አስረክብ ሲባል ይቀብራል፤ ይህችን ግን... ሁዳዴም እንዲህ ተጠብቆ አያውቅ። አጎቴ ተዝካር ሲሄድ «ጌታዬ፣ ጠላ ብንሰጥዎ እንገረፋለን» ብለው ውሃ ያቀርቡለታል። አንዷ ባልቴትማ ውሃውንም ከለከለችው፤ «ምንጩ የባላገር ነው» ብላ።

እኔ ምን ቸገረኝ፣ እስቅ ነበር። የጣሊያን ቆብ የደፋ ይራብ። ሳቄ ያለቀው አንጓችን ለማግባት የቆረጥኩ ቀን ነው። አባት የለኝም፤ ሽማግሌ ሆኖ የሚለምንልኝ አጎቴ ብቻ። አባቷ አያ አለኸኝ ደግሞ በደጉ ዘመን ለአጎቴ ፍሪምባ ሲገብሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አንተ ብትሆን ትረሳለህ?

አጎቴ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ ገባ። ሙሽራ ሽምግልና አይገባምና እኔ ደጅ የአጎቴን በቅሎ ይዤ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ።

«ልጅዎን ለእህቴ ልጅ ይስጡኝ ብዬ ነው የመጣሁ» አለ አጎቴ።

«መስጠት?» አሉ አያ አለኸኝ። «ለእርስዎ?»

«አዎን።»

«ደመወዝተኛ አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ እንጂ።»

«እንቁላል የሰጠ ከተገረፈ፣ ልጅ የሰጠማ ይሰቀላል ጌታዬ። ሊያስገድሉኝ ነው የመጡ?»

ሁለቱ ሽማግሎች ሳቃቸውን በኩታቸው ሲያፍኑ ተሰማኝ። እኔ አልቻልኩም፤ በቅሎዋን ለቅቄ ዘው አልኩ።

«አጎቴ፣ ተወው በቃ ይሄን ደመወዝ።»

«ሚስት በየመንደሩ አለች፤ ደመወዝ ያለው ማርቆስ ብቻ ነው» አለኝ፣ አይኑን ሳያሽ።

«እንግዲያ ከቆብህ ጋር ዳረኛ።»

ደሙ ፈላ። ቆቡን አውልቆ እኔ ራስ ላይ ደፋብኝ። «በል ሹሙ አንተ ነህ። እኔ ጠላ ጠምቶኛል።»

«ተሻረ፤ ቅዱለት» አሉ አያ አለኸኝ። አጎቴ ዋንጫውን ሳይተነፍስ ጨለጠው። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ፈገግ ስል ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ግን ተሾመሃል ልጄ። ላንተማ ጭራሽ አልሰጥም።»

ቆቡን አውልቄ ጣልኩት። «ሳትሻር ብታወልቀው ምን ዋጋ አለው?» አሉኝ። አሁን ማን ይሻረኝ? ማርቆስ ሄጄ ጣሊያኑን ልለምን?

ያኔ ከጓዳ የአንጓች ድምፅ መጣ። «አባዬ፣ አዋጁ መስጠትን እንጂ መሄድን ከለከለ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እርስዎ አይስጡ። እኔ በእግሬ እሄዳለሁ» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

አያ አለኸኝ መጀመሪያ አፈጠጡ። ከዚያ ሳቅ አሸነፋቸው። «ምስክር ሁኑ» አሉ ሽማግሎቹን፣ «እኔ አልሰጠሁም።»

አንባቢዬ፣ ደስ እንዳይልህ፣ ቆይ። ባልና ሚስት ነንና እንጣላለን። አንድ ቀን ተቀይሜ አማቴ ዘንድ ለክስ ሄድኩ። የሌላው ሰው አማት ልጁን ይቆጣለታል፣ ይገሥጽለታል። አያ አለኸኝ ግን የምለውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ እኔ ሰጥቼሃለሁ እንዴ?» አሉኝ። «የሰጠህ ሰው ዘንድ ሂድ።»