ወረቀትህን ግን አላውቀውም

በየመንደሩ የገዛ ጥላውን መታወቂያ የሚጠይቅ አንድ ሰው አይጠፋም። እኛ አሜሪካ፣ ኬንታኪ ውስጥ ተራራ ሥር ያለነው ደግሞ ክብርት እትዬ ኦፋ ኮምብስ አሉን፤ የዓሣ ማጥመጃ ትል ሻጭ፣ የሩቅ ኩባንያዎች ሁሉ ዓይን።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ማስረዳት ከቻልኩ። የከሰሉ ሥራ ከጠፋ ወዲህ ብዙዎቻችን ቤታችን ተቀምጠን ለሩቅ ኩባንያ እንሠራለን። ኩባንያው በዚህ አገር መሥራት የተፈቀደልን መሆኑን፣ ዋናውን ወረቀት አይቶ ማረጋገጥ አለበት። መምጣት ስለማይችል ወክሎት የሚያይለት ሰው ይፈልጋል። ማንም ቢሆን ይሆናል። እኛ ግን ሄደን ሄደን እትዬ ኦፋ ጋ ነው። ትሉን ገፋ ያደርጋሉ፣ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ መነጽራቸውን ያጠልቃሉ።

"አንተን አውቅሃለሁ፤ ወረቀትህን ግን አላውቀውም።"

ለሁሉም ይህንኑ ነው የሚሉት። ያጠመቋቸው ፓስተር እንኳ የመታወቂያቸውን ፎቶ በስልክ ቢያሳዩ ወደ ቤት ተመልሰዋል። የእህታቸው ልጅ ጺሙን አሳድጎ ቢመጣ፣ ጉንጩን ከመንጃ ፈቃዱ ፎቶ ጋር ሲያመሳክሩ ዓሣ አጥማጁ ሁሉ ተሰልፎ ጠበቀ። ጎረቤቴ ደልበርት የአደን ፈቃድ ይዞ ቀረበ።

"የቀጠረህ ሚዳቋው ነው?" አሉት።

የኔም ተራ ደረሰ። የተበላሸ መኪና ለሚጎትት ድርጅት ስልክ ላነሳ ተቀጠርኩ፤ እስከ ሐሙስ ካልተፈረመልኝ ሥራው የለም። መሥራት እንደተፈቀደልኝ የሚያሳየውን የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዴን ኮፒ ይዤ ሄድኩ። ዋናው ካርድ ያለው ተራራው ማዶ፣ በእናቴ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ነው። መለሱኝ። በሆዴ እየረገምኳቸው ሄጄ አመጣሁ።

የፈራሁት ግን ካርዱን አልነበረም፣ እዚያው ፊታቸው የምሞላውን የኩባንያውን ቅጽ ነው። ንባብ ላይ ቀርፋፋ ነኝ፤ ሰው ፊት ሲሆን ደግሞ ፊደሉ ይሸሸኛል። ከኋላዬ ደልበርት ቆሟል፣ ዛሬ ትክክለኛውን ወረቀት ይዞ። እትዬ ኦፋ ቅጹን አነሱና ጮክ ብለው ያነቡ ጀመር፤ እያንዳንዱን መስመር፣ የምጽፍበት ቦታ ላይ ጣታቸውን እያሳረፉ።

"ጮክ ካላልኩ አይገባኝም" አሉ፣ እንደ መቆጣት ብለው።

እኔ ሞላሁ። እሳቸው ፈረሙ።

በሩ ጋ ስደርስ ዞር አልኩ። የደልበርትን ቅጽ ከንፈራቸውን ገጥመው በዓይናቸው ብቻ አንብበው ይጨርሱታል።

"ለኔስ አያነቡልኝም?" አላቸው ደልበርት።

"ጉሮሮዬ ደክሟል።"

ያን ቀን እስኪመሽ ድምፃቸው መንገዱን ተሻግሮ የእኔ በረንዳ ድረስ ይመጣ ነበር፤ ሌላ አንዱን ከነኮፒው ወደ ቤቱ ሲመልሱት።