ለትልቋ አክስት የሚሆን እንጨት ስለመምረጥ

ቀን፦ ረቡዕ

ቦታ፦ የቤቱ ሳሎን፤ በመካከሉ ለጥቂት ጊዜ ግቢው (ምክንያቱ በሁለተኛው አጀንዳ ተመልክቷል)

ሰዓት፦ አሥራ አንድ ተኩል ተብሎ ተጠርቶ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ተጀመረ

የተገኙ፦

1. የቤቱ አባወራ፣ በጡረታ የተገለሉ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ — የማገዶ መራጭ ኮሚቴው ሰብሳቢ
2. ባለቤታቸው፣ የቤቱ እመቤት — አባል
3. የሰብሳቢው ታላቅ እህት፣ በቤቱ አጠራር ትልቋ አክስት — አባልም፣ ጉዳዩም
4. ሴት ልጃቸው፣ ነርስ — አባልና የጤና ጉዳይ ተጠሪ
5. ወንድ ልጃቸው፣ ሹፌር — አባል፤ የመኪናውን ቁልፍ ከእጁ አላወረደም
6. ጎረቤት አናጢ — በባለሙያነት የተጋበዙ፤ ድምፅ አይሰጡም
7. የነርሷ ባል — ጸሐፊ፤ በዚህ ቤት ድምፅ ኖሮት አያውቅም

ያልተገኘ፦ የለም። ሶፋው ከተገዛ ወዲህ ቤተሰቡ ሳይጎድል ሲሰበሰብ ይህ የመጀመሪያው ነው። ምልዓተ ጉባኤው የተሟላ መሆኑን ሰብሳቢው በጣታቸው እየጠቆሙ ቆጥረው አረጋግጠዋል፤ ራሳቸውን ረስተው ስለነበር ሁለተኛ ቆጥረዋል።

የመክፈቻ ንግግር

ሰብሳቢው ብርጭቆ በማንኪያ መትተው ስብሰባውን ከፈቱ። ሁሉም ዝም ብሎ እየጠበቀ ስለነበር መምታቱ እንዳላስፈለገ የቤቱ እመቤት አስታውሰዋል፤ ብርጭቆው የስድስቱ አንዱ እንደሆነና አምስቱ የት እንደገቡ ሰብሳቢው እንደሚያውቁም ጨምረዋል።

ሰብሳቢው በንግግራቸው፣ እህታቸው ከሞቃት አገር መጥተው አብረዋቸው መኖር ከጀመሩ ጥቂት ወራት ማለፋቸውን፣ ቤቱ ቀዝቃዛ መሆኑን፣ እህታቸው ሳሎን ውስጥ ሳይቀር ካፖርት ለብሰው እንደሚውሉ፣ በመጨረሻም ለቅዳሜ የአውቶቡስ ትኬት ቆርጠው ብቻቸውን ወደሚኖሩበት ቤታቸው ሊመለሱ መሆኑን ገለጹ። ይህን ለመቋቋም የሳሎኑን ግድግዳ አስፈርሰው ምድጃ ማሠራታቸውን፣ የጭስ መውጫውም ከጣሪያ በላይ መውጣቱን አብራሩ። የቀረው ማገዶው ብቻ ነው አሉ።

ሰብሳቢው ለማለት የፈለጉት «እትዬ፣ አትሂጂብኝ» ነው። ነገር ግን ዕድሜውን በሙሉ ዕቃ ገቢና ወጪ ሲያደርግ የኖረ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር አጀንዳ ካላስያዘ መናገር አይሆንለትም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና ሁሉም አንገቱን ነቅንቆ ወደ አጀንዳው ተገብቷል።

አጀንዳ አንድ፦ ማገዶው ማሟላት ስላለበት ነገር

አናጢው ሲያስረዱ፣ ለቤት ውስጥ ምድጃ የሚሆን እንጨት ከሁሉ በፊት ደረቅ መሆን አለበት አሉ። እርጥብ እንጨት ሙቀቱን የራሱን ውኃ በማትነን ይጨርሰዋል፤ የሚተርፈው ጭስ ነው። ጭሱ ደግሞ በመውጫው ውስጥ ጥላሸት ሆኖ ይለጠፍና አንድ ቀን ራሱ ጥላሸቱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ እንጨቱ ተፈልጦ፣ ከላይ ተከድኖ፣ ጎኑ ነፋስ እንዲያገኝ ተደርድሮ ቢያንስ ዓመት የከረመ ይሁን። ለመለየትም ሁለት ፍልጥ ማጋጨት ይበቃል፦ ደረቁ ይጮሃል፣ የእርጥቡ ድምፅ ይታፈናል።

ነርሷ በበኩሏ ቀለም፣ ቫርኒሽና ኮላ የነካው እንጨት ቤት ውስጥ እንዳይነድ፣ ወተት የሚያወጣ የአጥር ተክልም ዓይን ስለሚጎዳ እንዳይቀርብ፣ ሰው ፍም ትቶ እንዳይተኛ፣ እሳት ባለበት ሰዓት መስኮት ገርበብ እንዲል አሳሰበች።

ሹፌሩ መስኮት ከተከፈተ እሳቱ ለምን እንደሚያስፈልግ ጠይቋል። ነርሷ ሳይታፈን እንዲሞቅ ነው ብላለች። ሹፌሩ እስከ ዛሬ ማን ታፍኖ ያውቃል አለ። ከረጅም ውይይት በኋላ መስኮቱ በአንድ ጣት ስፋት እንዲከፈት ተወሰነ። የማን ጣት የሚለው ሌላ ክርክር አስነስቷል። የሹፌሩ ጣት ወፍራም ነው፣ የነርሷ ቀጭን ነው፣ የሰብሳቢው በአርትራይትስ ጎብጧል። ጉዳዩ ለወደፊት ጥናት አድሯል።

በዚህ መካከል ትልቋ አክስት፣ ሲነድ ድምፅ የሚያሰማው የትኛው እንጨት እንደሆነ ጠየቁ። አናጢው ጥድ ሙጫ ስላለው እንደሚንጣጣ፣ ነገር ግን ፍንጣሪው ምንጣፍ ሊያቃጥል ስለሚችል እንደማይመክሩት መለሱ። ትልቋ አክስት «እንግዲያው ለእኔ ጥዱ ይሻለኛል» አሉ። ለምን ሲባሉ «ዝም የሚል ነገር በዝቶብኛል» ብለዋል። ጉባኤው ስለ እንጨት የተናገሩ መስሎት በልዩነት ሐሳብነት መዝግቦ አልፏል።

አጀንዳ ሁለት፦ የቀረቡ ናሙናዎችን ስለመመርመር

*የሰብሳቢው ናሙና።* ሰብሳቢው ከቀድሞ የሥራ ባልደረባቸው በወንድም ዋጋ የገዙት፣ ግቢው ውስጥ ተራራ የሠራ የባሕር ዛፍ ግንድ ነው። አናጢው ለናሙና ወደ ሳሎን ከገባው ሁለት ቁራጭ አንስተው አጋጩ። ዱባ የተመታ ያህል ድምፅ ተሰማ። የቤቱ እመቤት አንዱን ቁራጭ ገልብጠው፣ ቅጠሉ ገና እንዳልረገፈ ለጉባኤው አሳይተዋል።

ሰብሳቢው «በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል» የሚለውን ተረት በማስረጃነት አቀረቡ። አናጢው ተረቱ የተተረተው ለሰው እንደሆነ፣ ጭስ መውጫው ደግሞ ተረት እንደማያውቅ በትሕትና መለሱ። ሰብሳቢው ነገር በክርክር ሳይሆን በተግባር ይለይ ብለው፣ ማንም ድምፅ ሳይሰጥ፣ ግማሽ ጠርሙስ ጋዝ አርከፍክፈው ለኮሱት። ነርሷ ጋዝ ቤት ውስጥ ምድጃ ላይ እንደማይደፋ ጮኻ ተናግራለች፤ የተናገረችው ግን ከተለኮሰ በኋላ ነው።

ጋዙ ነዶ አለቀ። እንጨቱ ጫፍና ጫፉ ላይ ውኃ እያንጠባጠበ ማልቀስ ጀመረ። ቀጥሎ ሳሎኑ ከመጋረጃው ዘንግ ጀምሮ ወደ ታች በጭስ ጠፋ። ስብሰባው ወደ ግቢ እንዲዛወር ሐሳብ ሲቀርብ፣ አቅራቢውን ጨምሮ ሁሉም ቀድሞ ግቢ ነበር።

ሰብሳቢው ግን ሰብሳቢ ስብሰባ ጥሎ አይወጣም በማለት በውስጥ ቀሩ። ለጥቂት ጊዜ ስብሰባው በመስኮት በኩል ተካሂዷል። የቤቱ እመቤት ሰብሳቢው እንዲወጡ ሐሳብ አቀረቡ፤ በግቢው በኩል በሙሉ ድምፅ ተደገፈ፤ የሰብሳቢውም ሳል እንደ ድጋፍ ተቆጥሯል። ሹፌሩ ገብቶ በክንዳቸው ይዞ አወጣቸው። የቅንድባቸው ቀለም ለውጥ አሳይቷል። ትልቋ አክስት «አንተ ልጅ፣ ዛሬም ያው ነህ!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ሰብሳቢው «አንተ ልጅ» የሚለው ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ አዘው ነበር፤ ትልቋ አክስት «ይጻፍ» ስላሉ ተጽፏል።

ግቢው በጣም ይበርድ ነበር። ነርሷ በስስ ሹራብ ስለወጣች ትልቋ አክስት ካፖርታቸውን አውልቀው ደረቡላትና እሳቸው በቀሚስ ብቻ ቆመው መሳቃቸውን ቀጠሉ። ይህ ድርጊት ስብሰባው ከተጠራበት ምክንያት ጋር እንደሚጋጭ ያስተዋለ አልነበረም። ጸሐፊውም ያስተዋለው አሁን በንጹሕ ሲገለብጥ ነው።

ጭሱ ሲወጣ ወደ ሳሎን ተመልሶ የሰብሳቢው ናሙና ውድቅ ሆነ።

*የሹፌሩ ናሙና።* አሮጌ የሱቅ በርና ከሥራ ቦታው ያመጣቸው የዕቃ ሳጥን ጣውላዎች ናቸው። ነርሷ በሩ ላይ አራት ዓይነት ቀለም መኖሩን በጥፍሯ ፍቃ አሳየች፤ ሳጥኖቹም ምን ሲጫንባቸውና ምን ሲረጭባቸው እንደኖረ አይታወቅም አለች። ሹፌሩ በነፃ የተገኘ ነው ሲል ተከራከረ። ነርሷ በሽታም የሚገኘው በነፃ ነው አለች። ሹፌሩ ይህ የግል ጥቃት ነው ብሎ ለመውጣት ተነስቶ ነበር፤ የቤቱ እመቤት «ቁጭ በል» ስላሉት ተቀምጧል። ናሙናው ውድቅ ሆነ።

*የእመቤቲቱ ናሙና።* ኮሪደሩ ላይ ያለው የችፑድ መደርደሪያ ነው። አናጢው ችፑድ በኮላ የተያዘ ብናኝ እንጂ እንጨት አለመሆኑን፣ ቢነድ ጭሱ ጎጂ እንደሆነ ገለጹ። እመቤቲቱ ይህን አስቀድመው እንደሚያውቁ ተናግረዋል። ያቀረቡት እንዲነድ ሳይሆን፣ መደርደሪያው ተጣሞ ሰው ላይ ሊወድቅ መሆኑ፣ ሰብሳቢውም «ነገ አስተካክለዋለሁ» እያሉ ልጅ እስከ መዳር መድረሳቸው በጽሑፍ እንዲያዝላቸው ነው። ተይዞላቸዋል።

*የአናጢው ናሙና።* ከሥራ የተራረፈ፣ በጣሪያ ሥር ሁለት ዓመት የከረመ የወይራ ቁራጭ፣ አንድ ጆንያ። ሁለቱ ሲጋጩ ደወል የተመታ መሰለ። ቀለም የለው፣ ቫርኒሽ የለው፣ ኮላ የለው። ነርሷ አሽትታው መለሰች። ሰብሳቢው ግቢ ወዳለው ተራራቸው አንዴ ቃኝተው እጃቸውን አወጡ።

በዚህ መሠረት ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ፦

ሀ. ለሳሎኑ ምድጃ የደረቀ ወይራ እንዲሆን፤
ለ. የሰብሳቢው ባሕር ዛፍ ተፈልጦ፣ ተከድኖ፣ ለከርሞ እንዲቆይ፤
ሐ. ኮሚቴው የተቋቋመበትን ተግባር ስላጠናቀቀ እንዲፈርስ።

«ሐ» እንደተነበበ ሹፌሩ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ተነሳ። ነርሷ ለነገው ተረኛ ነኝ ብላ ወደ ክፍሏ አቀናች። ሰብሳቢው ሬዲዮናቸውን ፈለጉ፤ እመቤቲቱ ወደ ጓዳ አሉ። ጸሐፊውም እውነቱን ለመናገር እራቱን እያሰበ ነበር።

ልዩ ልዩ

ትልቋ አክስት ከሶፋው ሳይነሱ የመናገር ዕድል ጠየቁ። ሰብሳቢው ኮሚቴው መፍረሱን ገለጹላቸው። ትልቋ አክስት «አንተ ልጅ፣ ቁጭ በል» አሉ። ተቀመጡ። ሌላውም ባለበት ቆመ። የተናገሩት ቃል በቃል ይህ ነው፦

«እኔ በርዶኝ አይደለም የምሄደው። ስመጣ ሶፋ ትመርጡ ነበር። በየማታው ሁላችሁም እዚህ ነበራችሁ። አንዱ ቀይ ይሁን ይላል፣ አንዷ ቆሻሻ አይችልም ትላለች፣ ወር ሙሉ ስትጨቃጨቁ ከረማችሁ። ወይ ጉድ፣ ምን ዓይነት የሞቀ ቤት ነው ብዬ ልቤ አረፈ። ከዚያ ሶፋው ተገዛ። ከተገዛ ወዲህ ማን ተቀመጠበት? እኔና ይሄ ትራስ።»

ነርሷ፣ ካፖርቱንስ ቤት ውስጥ ለምን ይለብሱት ነበር ስትል ጠየቀች።

«ብቻዬን ስቀመጥ መናኸሪያ ያለሁ ይመስለኛል፣ ልጄ። መናኸሪያ ደግሞ ካፖርት አይወለቅም። አሁንም እንጨቱን መረጣችሁ። እሱ ይነዳል፣ እናንተ በየክፍላችሁ ትገባላችሁ፣ እኔ ከእሳት ጋር እፋጠጣለሁ። ከዚህስ ወደ ቤቴ ሄጄ ከገዛ ግድግዳዬ ጋር ብፋጠጥ አይሻለኝም?»

ሹፌሩ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ሰብሳቢው ዓይናቸውን ጠረጉና የጭሱ ነው አሉ፤ ጭሱ ከወጣ ቆይቷል። ከዚያም አጀንዳ ሳያስይዙ፣ ብርጭቆም ሳይመቱ፣ «እትዬ፣ አትሂጂብኝ» አሉ።

ትልቋ አክስት «ይህቺን ለማለት ነው ግድግዳ ያፈረስከው?» ብለዋል። የሚስቁና የሚያለቅሱ ስለመሰሉ ጸሐፊው የትኛውን እንደሚመዘግብ ተቸግሯል።

በመቀጠል ሹፌሩ የእንጨቱ ምርጫ ጥድፊያ የበዛበት ነው፣ ጥድ በቂ ጥናት አልተደረገበትም ሲል ተቃውሞ አቀረበ። ነርሷ የጣቱ ነገር ገና መሆኑን አስታወሰች። እመቤቲቱ በችፑዱ ላይ ይግባኝ እንዳላቸው ገለጹ። አናጢው ማንም ሳይጠይቃቸው፣ እንጨት በአንድ ቀን ተመርጦ እንደማያውቅ፣ እሳቸውም በየማታው መምጣት እንደሚችሉ ተናገሩ። በመሆኑም የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፤ ጸሐፊውም ለመጀመሪያ ጊዜ እጁ ተቆጥሮለታል፦

ከላይ ከ«ሀ» እስከ «ሐ» የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ኮሚቴው አልፈረሰም። የማገዶው ምርጫ እንደገና በየማታው እዚሁ ሶፋ ላይ ይጠናል፤ ጥናቱም ውሳኔ ላይ እንዳይደርስ አባላት በሙሉ ይጠነቀቃሉ። ወደ ውሳኔ የሚያቻኩል በሥነ ሥርዓት ይጠየቃል። እስከዚያው የአናጢው ወይራ ለናሙና ያህል በየማታው ይነዳል።

ወይራው ተደርድሮ ማቀጣጠያ ሲፈለግ፣ ሰብሳቢው ወደ ጋዙ ጠርሙስ ሲዘረጉ እጃቸው ተያዘ። ትልቋ አክስት ነርሷ በለበሰችው ካፖርት ኪስ ውስጥ ወረቀት እንዳለ ጠቆሙ። ነርሷ አወጣችው። የቅዳሜው ትኬት ነው። እንደ ደንቡ መረመረችው፦ ቀለም ጥቂት አለው፣ ኮላ የለውም፣ ደረቅ ነው። ይለፍ አለች። ዛሬ ከቀረበው ማገዶ ሁሉ ያለ ክርክር ያለፈው እሱ ብቻ ነው።

ስብሰባው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተዘግቷል። የተነሳ ግን የለም።