የቆርቆሮ ዋሽንትና "ይቅርብኝ"

በሰው ቤት "ጠግቤአለሁ" የሚል ሐበሻ ሁሉ ርቦታል። ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ እናንተም ትናንት ብላችሁታል። እኔን የቸገረኝ ለአየርላንዶች ማስረዳቱ ነው።

አየርላንዶች ደግሞ ከየት መጡ ትሉኝ ይሆናል። እዚህ ለንደን ከኤድመንተን መጋዘን ሥራዬ ወደ ሃክኒ ስመለስ አውቶቡስ የምቀይረው ፊንስበሪ ፓርክ ነው። እዚያ አንድ ፐብ የሚሉት መጠጥ ቤት ውስጥ እሑድ እሑድ ከሰዓት አዛውንት አየርላንዶች ክብ ሠርተው የአገራቸውን ዜማ ይጫወታሉ። አንድ እሑድ ዝናብ ሸሽቼ ገባሁና እዚያው ቀረሁ።

የክቡ አባት ጋሽ ሾን ናቸው። "ጋሽ" ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ በዚያ ዕድሜያቸው ቫዮሊን የሚገዘግዙ ሰው በባዶ ስማቸው አይጠሩም። የቆርቆሮ ዋሽንት ገዝቼ ሄድኩና ኖታ እንዲሰጡኝ ጠየቅኋቸው።

"ኖታ የለም። ጆሮ አለህ?"

"አለኝ።"

"በቃ፣ ትምህርቱ ተጀምሯል።"

አንዲት ዜማ በስልኬ ሪኮርድ አደረግሁና የለንደንን ክረምት ሙሉ አውቶቡስ ላይ ስሰማት፣ ቤት ስነፋት ከረምኩ። ባለቤቴ ዘነበች ፉጨቱ የማንቆርቆሪያው እየመሰላት "ውሃው ፈላ" እያለች ስንት ጊዜ ወደ ኩሽና ሮጠች። የታች ቤት ጎረቤታችን ቧንቧው ያፏጫል ብሎ ለሰፈሩ ካውንስል አመለከተ። እኔ ግን ዜማዋን ያዝኳት። የቀረኝ ክቡ መሀል አንዴ መጫወት ብቻ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ የመኖሪያ ፈቃዴን እንኳ እንደዚያ ጓጉቼ አልጠበቅሁም።

ዜማዋን መያዜን ለጋሽ ሾን ነገርኳቸው፤ ቀኑም ደረሰ። ዘነበች የሠርግ ጫማዋን አድርጋ መጣች። ጋሽ ሾን ወደ እኔ ዞር አሉና፣

"ያቺን ዜማህን ትጀምርልናለህ?" አሉኝ።

"አይ፣ እኔ ደግሞ ምን እችላለሁ... ይቅርብኝ" አልኩ።

መቼም ታውቁታላችሁ፤ ይህ እምቢታ አይደለም። ዋሽንቱን ከኪስ ማውጫ ጊዜ ነው። "በሞቴ" ይባላል፣ "አፈር ስሆን" ይባላል፣ እጅ ይጎተታል፤ ሦስተኛው ላይ እየተሽኮረመሙ ይነሳሉ።

"ኖ ፕሮብሌም" አሉ ጋሽ ሾን። ወደ ባለአኮርዲዮኗ ወደ ሞሪን ዞሩ። ሞሪን ጀመረች፤ የእኔን ዜማ። ሁሉም ተከተሏት። አብሬ እንዳልነፋ "ይቅርብኝ" ብያለሁ፤ በምን አፌ? እዚያ ቤት ደግሞ አንዴ የተጫወቱት ዜማ የዚያን ቀን አይደገምም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል።

አውቶቡስ ላይ ዘነበች፣ "ምን አልካቸው?" አለችኝ።

"ይቅርብኝ።"

"ታዲያ ቀረብህ" አለችና በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች።

በሚቀጥለው እሑድ "እሺ" የምትለዋን ቃል ከንፈሬ ላይ አስቀምጬ ሄድኩ። የጠየቀኝ የለም። ለካ ጋሽ ሾን "ዓይናፋር ነው፣ አታስጨንቁት" ብለዋቸው ኖሯል።

በመጠጥ ልቅረባቸው ብዬ፣ "ጋሽ ሾን፣ ምን ላምጣልዎት?" አልኳቸው።

"አይ፣ ደህና ነኝ" አሉ።

ትምህርት ወስጃለሁ፤ የእነሱ "አይ" አይ ነው። "ኖ ፕሮብሌም" ብዬ የራሴን ቢራ ብቻ ይዤ መጣሁ። ጋሽ ሾን አረፋውን አዩት፤ እኔን አዩኝ፤ ከዚያ ቫዮሊናቸውን መቃኘት ጀመሩ። ቫዮሊኑ የተቃኘ ነበር።

ሞሪን በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ። "ሁለተኛ አትጠይቃቸውም እንዴ? እኛ ዘንድ በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ የሚል ስድ ነው።"

"ሙዚቃውስ?"

"ለሙዚቃ ማን ይለምናል? ሁሉም እስኪለመን ፐቡ ይዘጋል።"

ለካ ዘመዶቻችን ናቸው፤ ይሉኝታቸውን መጠጡ ላይ አድርገውት ነው እንጂ። ጥቁር ቢራ አመጣሁና ፊታቸው አቆምኩ። እንግሊዝኛው አልመጣ ቢለኝ በአማርኛ፣ "በሞቴ" አልኳቸው።

"ምን ማለት ነው?"

"ካልጠጡ እሞታለሁ ማለት ነው።"

እንዳልሞት ብለው ጠጡ። አረፋውን ከከንፈራቸው ጠረጉና፣ "ያቺን ዜማህን ትጀምርልናለህ?" አሉኝ።

አብራኝ የመጣችው ዘነበች ከኋላዬ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። "እሺ" ልል አፌን ከፈትኩ።

"አይ፣ እኔ ደግሞ ምን እችላለሁ..." የሚል ወጣ።

ልማድ ክፉ ነው። ሞሪን አኮርዲዮኗን አነሳች። ጋሽ ሾን በእጃቸው አስቆሟትና ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

"በሞቴ" አሉኝ።

ነፋሁት። መሀል ላይ ተሳሳትኩ፤ አብረውኝ ተሳሳቱ። እኔ አንዲት ዜማቸውን ለመያዝ ክረምቱን ሙሉ ፈጀሁ፤ እሳቸው የእኛን አንዴ ሰምተው ያዟት። ጆሮ ማለት ይኼ ነው።