ክቡር ኢንጂነር በሱፍቃድና የማይሞላው ታክሲ

በየመሥሪያ ቤቱ ተሳስቶ የማያውቅ መደብ አለ። ሻዩ ቢደፋበት ጠረጴዛው ነው ያዘነበለው፤ ደረጃ ቢያደናቅፈው ግንበኛው ይጠየቅ! ሰንጋ ተራ ባለ አንድ ቢሮ ውስጥ የዚህ መደብ ሊቀመንበር ክቡር ኢንጂነር በሱፍቃድ ናቸው።

ክቡርነታቸው የልደታን የታክሲ ሰልፍ በኮምፒውተር አስመስሎ የሚያሳይ ሞዴል ሠሩ። ችግሩ፣ ሞዴሉ ውስጥ ታክሲ አይነሳም። አንድም! ሰልፉ ከልደታ ማርያም ጀምሮ ፍርድ ቤቱን ዞሮ ጠመንጃ ያዥ ገብቷል። ከምሳ በኋላ ደግሞ አሠሪዎቹ ሊያዩ ይመጣሉ፤ ታክሲው ካልተንቀሳቀሰ ሥራው ተዘጋ ማለት ነው።

«ሞዴሉ ልክ ነው» አሉ ክቡርነታቸው። «ኮምፒውተሩ ነው የደከመው።»

የሥራ ባልደረባቸው ሴና፣ ነባር ባለሙያ የሚጠይቀውን እየጠየቀ የሞዴል ስህተት የሚያፈላልግ ፕሮግራም ሠርታለች።

«ጋሼ፣ እስቲ ይጠይቅዎት።»

«ማን ሆኖ ነው እኔን የሚጠይቀኝ?»

«እርስዎን ማን ደፍሮ! ሞዴሉን ነው።»

«እንደሱ በይኝ!» ብለው ተቀመጡ።

ፕሮግራሙ ጠየቀ፦ «ታክሲው የሚነሳው መቼ ነው?»

«ሲሞላ» ብለው ጻፉ።

«የመጨረሻው ወንበር ሲያዝስ ምን ይሆናል?»

ኢንጂነሩ በሳቅ ፈረሱ። «ፈረንጅ ነው እንዴ ይሄ ፕሮግራምሽ? ወያላው ‹ጠጋ ጠጋ በሉ!› ይላላ! አንድ ቦታ ይጨመራል።» ይህንኑ ጻፉለት።

«እሱም ሲያዝ?»

«ያው ‹ጠጋ በሉ› ነዋ! የአዲስ አበባ ታክሲ መቼ ሞልቶ...» ጣታቸው አየር ላይ ቀረ።

ማሽኑ ፍርዱን ሰጠ፦ «በዚህ ሕግ ታክሲው መቼም አይሞላም። ስለዚህ አይነሳም።»

ሴና ‹አሁን መብራት ኃይልን ይከሱታል› ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን ጉሮሯቸውን ጠርገው አንዲት መስመር ጨመሩ፤ ከሦስተኛው «ጠጋ በሉ» በኋላ ወያላው በሩን ይዘጋል። ታክሲዎቹ ተንቀሳቀሱ።

እንግዶቹ መጥተው አዩ፤ ወደዱት። ሥራው ቀጠለ። ክቡርነታቸው ወደ ሴና ጠቆም አድርገው፦ «ይቺ የሠራችው ፕሮግራም ነው ስህተቱን ያገኘብኝ» አሉ።

«ያገኘልኝ» አላሉም። «ብኝ»! ሴና ጆሮዋን ተጠራጠረች።

ወዲያው ግን ክራቫታቸውን አስተካከሉ። «ልብ በሉ ታዲያ፤ ተራ ሰው እንዲህ ያለ ስህተት መሥራት አይችልም!»

ሴና ሳቀች። ደግሞ እውነታቸውን ነው። ሌላው ሊቅ ታክሲን የሚያውቀው ከራሱ መኪና መስኮት ሆኖ ነው፤ እሳቸው ግን ዕድሜ ልካቸውን ታክሲ ውስጥ የሰው ልጅ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ነው ያጠኑት።